ከአስመራ የመጣ ባሌስትራ

አባቴ ሲሞት ቤቱ ለእናቴ፣ ማኪናዋ ለእኔ ሆነች። ወንድም ቢኖረኝ ኖሮ የእሱ ትሆን ነበር፤ የለኝም። ጣሊያን ሲወጣ ትቷት የሄደ ትንሽ ማኪና ናት፤ ከፊት ሁለት ሰው ትይዛለች፣ ከኋላ ደግሞ ተጣብበው የሚቀመጡ ሁለት። ቀለሟ እንደ ቆቅ ላባ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ስለሆነ የሰፈራችን የጎንደር ቁስቋም ሰው «ቆቋ» ይላታል። አባቴ አዘዞ ሲያገኛት ዶሮ ያድርባት ነበር፤ በበሬ አስጎትቶ አመጣት ይባላል። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን በራሷ ሞተር ትሄድ ነበር።

አራተኛ ክፍል እንደ ጨረስሁ ትምህርቱን ተውሁና እናቴን እረዳ ጀመር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባቴ ወደ ጠዳ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ላይ መሪ ያስጨብጠኝ ነበር። «የሰዉን ፊት ተዪው፤ መንገዱን እዪ» ይለኛል። መንዳቱን ተማርሁ፤ የሰውን ፊት መተው ግን አልተማርሁም። ሰው ሲያፈጥብኝ አቀረቅራለሁ፤ ሲጠይቀኝ ደግሞ ቶሎ እንዲያልፍልኝ ስል ደስ የሚለውን እመልስለታለሁ። ብዙ ጊዜ ይህ ማንንም አልጎዳም። አንድ ጊዜ ግን ጎዳ፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

አባቴ ብረት የሚያሠራው ከወለቃ ማዶ በሚኖር አንድ ቀጥቃጭ ዘንድ ነበር። በእኛ አገር ቀጥቃጭ ይፈራል። ማረሻና ማጭድ ከእሱ ይገዛሉ፤ ነገር ግን ዓይኑ ሰው ይበላል፣ በተለይ ሕፃን ይበላል ብለው ከደጃቸው አያስጠጉትም። ቀጥቃጮቹም ሃይማኖታቸው ሌላ ነውና ከእኛ ጋር አይነካኩም፤ የእኛ እጅ ከነካቸው ታጥበው ነው ወደ ቤታቸው የሚገቡት። ስለዚህ ከሰውየው ደጅ አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለች። አባቴ የተሰበረውን ብሎን ድንጋይዋ ላይ ያስቀምጥና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፤ ሰውየው መጥቶ ያነሣል። ሲጨርስም እንዲሁ ያስቀምጣል፤ አባቴ ያነሣል። በመካከሉ ግን ሁለቱ ሲቀላለዱ ይውላሉ። እኔ ይህን እያየሁ አደግሁ። ብቻችንን ስንሆን «አያ» እለዋለሁ፤ ከተማ ውስጥ ሰው ባለበት ካገኘሁት ግን እንዳላየ አልፈዋለሁ። እሱም እንዳላየ ያልፈኛል። ይህ ነውር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

አባቴ በሞተ በዓመቱ የቆቋ የኋላ ቀኝ ባሌስትራ ተሰበረ። ባሌስትራ የሚባሉት ከጎማው በላይ ተደራርበው የሚታሰሩት፣ ማኪናዋን ጉድጓድ ሲያገኛት የሚያነጥሯት ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው። ፒያሳ ያሉትን ሾፌሮች ጠየቅሁ።

«የዚች ዕቃማ አስመራም አይገኝ፤ ሽጫትና በግ ግዢባት» ብለው ሣቁብኝ።

እያዘገምሁ ወደ ወለቃ ልወስዳት ስነሣ፣ እናቴ ጎረቤታችን ያሉትን ደብተራ ክታብ አስጽፋ መጣች። በቀይ ክር መሪው ሥር አንጠለጠለችው።

«ምንድን ነው፣ እማዬ?»

«ለዓይን ነው። ዝም ብለሽ ንጂ።»

የማን ዓይን እንደሆነ አልጠየቅሁም። ማኪናዬን ሊያድንልኝ ወደሚችለው ብቸኛ ሰው የሄድሁት፣ ከእሱው የሚጠብቀኝን ክታብ አንጠልጥዬ ነበር።

ሰውየው ቆቋ እየተንጋደደች ስትመጣ ከሩቅ አይቶ ከወናፉ ተነሣ።

«ምነው፣ አነከሰች?»

«ባሌስትራው ተሰበረ፣ አያ።»

«አባትሽ ቢኖር ከአቅሟ በላይ አይጭናትም ነበር። ምን ጫንሽባት?»

«አክስቴን።»

ሣቀ። አክስቴን የማያውቅ የጎንደር ሰው የለም፤ የአባቴ እህት ናት፤ በገበያ ስታልፍ መንገዱ ይጠብባታል።

«እሷን ከሆነስ ባሌስትራው አይፈረድበትም» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ስብራቱን ብዙ ጊዜ አየው። «እኔ ከማኪና ብረት ማረሻ ሳወጣ የኖርሁ ሰው ነኝ። ለማኪና ባሌስትራ ሠርቼ አላውቅም። ግን ተያት፤ ልሞክረው።»

ሦስት ሳምንት ፈጀበት። ሊማሊሞ ገደል ከገባ የጭነት ማኪና የተነቀለ ብረት ለማረሻ ብሎ አስቀምጦ ነበርና እሱን አሳጠረው፣ አቀጠነው። የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ሲጫኑት ጎበጠና እንደ ጎበጠ ቀረ። ሦስተኛውን ሲሠራ እኔም ነበርሁ። ብረቱ ከእሳቱ ወጥቶ የበሰለ ብርቱካን ሲመስል ኑግ ዘይት ውስጥ ነከረው፤ ጭሱ አንቆን ሁለታችንም ሳልን። ከዚያ መልሶ በትንሽ እሳት አሞቀውና ተወው። በማግሥቱ ቆቋን ድንጋይ ሞልተን ጓሮ ለጓሮ ነዳኋት።

«አክስትሽ እስክትመጣ ይህ ይበቃታል» አለ። ማኪናዋ ጎድጓዳውን ሁሉ እየነጠረች አለፈች። እንደ ልጅ አጨበጨበ።

በዚያው ሰሞን ከተማው ውስጥ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጣሊያን የተዋቸውና ከዚያም በፊት የገቡ አሮጌ ማኪናዎች በራሳቸው ሞተር እየተነዱ መጥተው ከጃንተከል ዋርካ አጠገብ እንዲታዩ፣ ከሁሉ የተሻለ የተያዘችው እንድትሸለም ይላል። ቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ለሰውየው ስነግረው መዶሻውን አስቀመጠ።

«የመንገድ ሥራው ጋራዥ አለቃም ይመጣል ይላሉ። ያ እዚሁ የቀረው ጣሊያን።»

«ይመጣል ይሆናል።»

«እሳት የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል አሉ።» መሬቱን በእግሩ መታ አደረገ። «ይህ የቆምሁበት መሬት የሰው ነው። ባለመሬቱ ልጁን ሊድር ነው፤ ለሙሽሮቹ ቤት መሥሪያ ይፈልገዋል። ክረምቱ ሲወጣ ተነሥ ብሎኛል። እኔ ጋራዡ ብሄድ ዘበኛው ከበሩ ይመልሰኛል። ሥራዬን አይተው ራሳቸው ከጠሩኝ ግን ሌላ ነው።»

ምን ሊለኝ እንደሆነ ገባኝ፤ ከአሁኑ ፊቴ ጋለ።

«ስሜን ጥሪ አልልሽም። ማን ሠራው ብለው ሲጠይቁሽ በእጅሽ ወደ እኔ አሳዪ። እኔ ከዋርካው ሥር ቆሜ እጠብቃለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ፣ አያ» አልሁት። የምሬን ነበር። እዚያ፣ ሰው በሌለበት፣ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

የትርኢቱ ዕለት እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ አክስቴ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ባሌስትራው ድምፅ አላሰማም። ከቁስቋም ቁልቁል ስንወርድ ሰው ከደጁ እየወጣ ያየን ነበር። ሜዳው ስንደርስ አንዱ ጎረምሳ «ኧረ ሴቲቱ ናት የምትነዳው! ዋርካውን ያዙት እንዳትገጨው!» ብሎ ጮኸ። አክስቴ አንገቷን አውጥታ «አንተን ነው የምትገጨው፤ ዋርካውማ ጥላ ይሰጣል!» አለችው። ሰው ሁሉ ሣቀ። እኔ ከመሪው ላይ ዓይኔን አላነሣሁም።

ዘጠኝ ወይም አሥር ማኪና ቆሟል። ሌሎቹ ሁሉ የነጋዴና የመሥሪያ ቤት ነበሩ፤ በር የሚከፍት ሾፌር፣ ጭቃ የሚጠርግ ሠራተኛ ነበራቸው። ጠረጴዛ ይዞ የተቀመጠው ጸሐፊ «የማን ናት?» አለኝ።

«የኔ።»

«እሱማ ይሁን፤ የየትኛው ነጋዴ ቤት ማለቴ ነው።»

«የኔው ናት።»

ቀና ብሎ አየኝና «የግል» ብሎ ጻፈ። ከመጨረሻው ዳር አቆሙኝ።

ቀጥቃጩ ከዋርካው ሥር ቆሟል። የታጠበ ነጭ ኩታ ለብሷል፤ እንዲያ ለብሶ አይቼው አላውቅም። ጥላው ሰፊ ነው፤ ሰው ተፋፍጎበታል፤ በእሱ ዙሪያ ግን ሦስት ክንድ ያህል ባዶ ነበር። ዓይን ለዓይን ተገናኘንና ሁለታችንም እንደ ልማዳችን ፊታችንን መለስን።

የሰፈራችን ሴቶች መጥተው ቆቋን ከበቧት። አባቴን እያነሡ አለቀሱ፤ እኔን መረቁኝ። ከዚህ በፊት በትክክል አይተውኝ የማያውቁ ሴቶች ናቸው። ልጆቻቸው ወንበሩ ላይ ወጡ፤ አንደኛዋም የሰባት ወር ልጇን ከመሪው ፊት አስቀምጣ «ሾፌሬ! ወዴት ልትወስደኝ ነው?» ትለው ጀመር። ልጁ መሪውን በምራቁ ያርሰዋል። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ደስ አለኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ ዳኞቹ መጡ፤ አንድ ኮትና ባርኔጣ ያደረጉ ሹምና የጋራዡ አለቃ ጣሊያን። ሹሙ ቀለሟን አመሰገኑ። ጣሊያኑ ግን ነጭ ሸሚዙን ሳይሳሳለት ከማኪናዋ ሥር በጀርባው ገባ። ብዙ ቆየ። ብረቱን በጣቱ ሲያንኳኳው ይሰማኛል። ወጥቶ አቧራውን እያራገፈ እኔን ተመለከተ።

«ይሄ ባሌስትራ፣ ማን ሠራው?»

ሰውየው ከዋርካው ሥር ኩታውን አስተካክሎ ቀና ሲል አየሁት። እጄ በሩ ላይ ነበር፤ ከዚያ ማንሣት ብቻ ነው የሚቀረኝ። ነገር ግን ሴትየዋን አየኋት። ልጇ ወንበሩ ላይ ነው። ቀጥቃጭ ሦስት ሳምንት የዋለባት ማኪና መሆኗን ብናገር እንዴት ነጥቃ እንደምታነሣው፣ ሌሎቹም እንዴት ልጆቻቸውን እየጎተቱ እንደሚሸሹ፣ እናቴ ከነገ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ምን እንደሚሏት ሁሉ ባንድ ጊዜ ታየኝ። አቀረቀርሁ። መሪው ሥር ክታቡ ተንጠልጥሏል፤ የታሰረበትም ቀይ ክር ሳይሆን አዲስ ጠፍር ነበር። ለምን እንደ ተለወጠ አላሰብሁም።

«ከአስመራ የመጣ ነው» አልሁ። «አባቴ ያስመጣው።»

«አስመራ? አይ፣ አይ። እኔ አስመራ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ይሄ ፋብሪካ አይደለም፤ መዶሻ ነው፣ የሰው እጅ ነው። ሰውየው ካለ ንገሪኝ፤ ለእሱ ሥራ አለኝ።»

ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ ማለት ነው። አፌን ከፍቼ ነበር። አክስቴ ግን የተደፈርሁ መሰላትና ቀደመችኝ፤ ምንም የምታውቀው ነገር አልነበረም።

«ከአስመራ ነው አለችዎ እኮ፣ ጌታው! ወንድሜ ነው ያስመጣው! ልጅቷ ትዋሻለች እንዴ?»

«ትዋሻለሽ?» አለኝ ጣሊያኑ፤ በቁጣ አይደለም።

«ከአስመራ ነው» አልሁ።

ድምፄ ትንሽ ነው፤ ዋርካው ድረስ አይሰማም ነበር። ነገር ግን ሰው ለሰው አቀበለው። «ከአስመራ ነው አለች።» «ከአስመራ ነው አሉ።» እንዲህ እየተባለ ጥላው ድረስ ሲሄድ በጆሮዬ ተከተልሁት። ሰውየው ጋ ሲደርስ አየሁ። አልተቆጣም፣ እጁንም አላነሣም። ኩታውን ትከሻው ላይ አጣፋና በወለቃ መንገድ ሄደ። ሰዉ ሳይነካው ገለል እያለ አሳለፈው።

እኔ ተሸለምሁ። ሽልማቱ ብዙ ዓይነት መፍቻ የተደረደረበት የብረት ሳጥን ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ።

በሦስተኛው ቀን ሳጥኑን ይዤ ሄድሁ። በመንገድ ላይ የምናገረውን አዘጋጅቼ ነበር፤ ስደርስ ጠፋኝ። ሳጥኑን ድንጋይዋ ላይ አስቀምጬ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልሁ። ሰውየው ማጭድ ይስል ነበር፤ አልተነሣም።

«ምንድን ነው?»

«ሽልማቱ ነው፣ አያ። ያንተ ነው።»

«ከአስመራ ላመጣው ሰው ስጪው።»

ሳጥኑን አላነሣሁም። እሱም ማጭዱን ገልብጦ በሌላው በኩል ይስል ጀመር።

«ፈርቼ ነው» አልሁ በመጨረሻ። «ሴቶቹ ልጆቻቸውን ማኪናዋ ላይ አስቀምጠው ነበር።»

«አይቻለሁ። ሸጋ ልጅ ነበር፤ መሪውን ሲልሰው አይቼ ስቄ ነበር።» ከዚያ ማጭዱን አስቀመጠ። «ወንበሩን ሳወጣ ክታብሽ ወደቀ። ክሩ ደከም ያለ ነበር። በጠፍር አሥሬ መለስሁት፤ መንገድ ላይ እንዳይጠፋብሽ።»

ይህን ሲለኝ ድምፁ አልተለወጠም፤ ስለ ባሌስትራው ቢነግረኝም እንዲሁ ነበር የሚናገረው። ክታቡ ለማን እንደ ተጻፈ ያውቃል። አውቆ አጥብቆ አሠረልኝ። ሳጥኑን ከድንጋይዋ ላይ አንሥቼ ተመለስሁ፤ ደህና ዋል እንኳ ማለቴን አላስታውስም።

በማግሥቱ ጋራዡ ሄጄ መናገር ነበረብኝ። አልሄድሁም። ዛሬ ነገ ስል፣ በበሩ ላይ ያለውን ዘበኛና ግቢውን የሞላውን ወንድ እያሰብሁ ስመለስ አንድ ወር ሊሞላ ሆነ። በመጨረሻ ሄድሁ። ጣሊያኑ ቢሮው ውስጥ ዳቦ ይበላ ነበር። ቆሜ፣ መሬት መሬት እያየሁ ሁሉንም ነገርሁት። ዳቦውን አስቀመጠ።

«ከወለቃ? እዚህ፣ ቅርብ?»

«አዎን።»

«ሹሙ ‹አስመራ እንዲህ የሚሠራ ሰው ካለ ከአስመራ እናስመጣ› አለ። ጻፍን። ሰው መጣ፤ ባለፈው ሳምንት ሥራ ጀመረ።» በመስኮቱ አሳየኝ። ከምድጃው አጠገብ ቱታ የለበሰ ወጣት ቆሟል። «ያን ዕለት ብትናገሪ!» አለና ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ ካጠፋሁት ይልቅ እሱ ያጣው የሚያናድደው ይመስል ነበር።

በዚያው ወደ ወለቃ ሄድሁ። ጎጆው ፈርሷል፤ ባለመሬቱ ለልጁ ቤት ማገር ያስማግራል። ሰውየው ከነቤተሰቡ ሄዷል፤ ወዴት እንደሆነ ሠራተኞቹ አያውቁም። ጠፍጣፋዋን ድንጋይ ለአዲሱ ቤት መሠረት አስገብተዋታል፤ ጠርዟ ይታያል።

ከዚያ በኋላ ለእናቴ ነገርኋት፤ ለጎረቤቶችም ሳይጠይቁኝ ነገርሁ። ለእኔ ይህ ከባድ ነበር፤ ለእሱ ግን ምንም አልጠቀመውም። ያቺ የሕፃኑ እናት ልጇን ጸበል ወሰደችው። ልጆች ቆቋ ላይ መውጣት አቆሙ፤ ሲያልፉ እናቶቻቸው ከማኪናዋ ወደሚርቀው ጎን አዙረው ይይዟቸዋል። አክስቴ «ምነው ለእኔ እንኳ ብትነግሪኝ! ሰው ፊት ዋሾ አደረግሽኝ» ብላ ብዙ ጊዜ አኮረፈችኝ። ደግሞም ትክክል ናት።

አምና ዛሪማ ያለችው የባሏ እህት ታመመችና፣ አክስቴ ሌላ ማኪና ስታጣ አኩርፋም ቢሆን ከጎኔ ተቀመጠች፤ ሁለት ክታብ ጨምራ አንጠለጠለች። ሊማሊሞን በእሱ ባሌስትራ ወረድን። በየጥምዝምዙ ብረቱ ሲሳብና ሲመለስ ከወንበሬ ሥር ይሰማኛል፤ አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች።

ዛሪማ የደረስነው በገበያ ቀን ነበር። በገበያው ዳር፣ ማረሻና ማጭድ ደርድሮ ተቀምጦ አየሁት። ጢሙ ነጥቷል። ፍሬን ያዝሁ። አክስቴ «ምነው?» አለች። ወረድሁና በሰው መካከል አልፌ ከፊቱ ቆምሁ።

«ይህችን ማኪና የሠራት ይህ ሰው ነው!» አልሁ፤ በእጄም አሳየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኬ አላውቅም። «ባሌስትራው የእሱ ነው! ከአስመራ አይደለም!»

ገበያተኛው ዘወር ብሎ አየን። በግ የሚጎትተው በጉን፣ ማር የሚያስቀምሰው ማሩን ይዞ ቆመ። ሰውየው ከማረሻዎቹ ላይ ቀና ብሎ ተመለከተኝ።

«አሁን ለማን ነው የምትነግሪው?» አለ። «እነዚህ እኮ ማኪና የላቸውም።»

አንዳንዶቹ ሣቁ። እኔ ማልቀስ ጀመርሁ። እሱ ተነሥቶ አልፎኝ ወደ ቆቋ ሄደ፤ ተንበርክኮ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና ባሌስትራውን ዳሰሰው። ለአክስቴም ከዚያው ሆኖ «እንደምን ዋሉ፣ እመቤቴ» አላት፤ እሷም ክታቦቹን በነጠላዋ ሸፍና «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች።

«ደርቋል» አለኝ። «ቅባት አትቀቢውም?»

«እቀባዋለሁ።»

«አልቀባሽውም። አምጪ።»

ከወንበሩ ኋላ የቅባቱን ጣሳ አወጣሁ። ይዤው ስዞር፣ እንደ ልማዴ የማስቀምጥበት ድንጋይ በዓይኔ ፈለግሁ። ገበያው ሜዳ ነው፤ ድንጋይ የለውም። እጄን ወደ እሱ ዘረጋሁ። አየው፤ የራሱን አልዘረጋም። ጣሳውን መሬት ላይ አኖርሁና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አልሁ፤ ጎንበስ ብሎ አነሣው።